ቄጠማ ያበቀለው ባሕር

ሰሞኑን ፊት ለፊታችን ያለው ጎረቤት ልጁን ሊድር ነውና የግቢውን የብረት በር ቀለም እያስቀባ ነው። ቀለም ቀቢው በማለዳ ይመጣና ጣሳውን ከፍቶ፣ ቀለሙን የሚያቀጥንበትን አኳራጅ ጠብ ጠብ እያደረገ ሲያማስል ሽታው መንገዱን ተሻግሮ፣ በመስኮቴ ገብቶ፣ እግሬን ዘርግቼ ከምቀመጥበት ወንበር ድረስ ይዘልቃል። ልጆቼ ራስ ያማል፣ መስኮቱን እንዝጋው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ራስ ያማል። እኔ ግን ተውት እላቸዋለሁ። ሰው ሁሉ የሚወደውን ሰው በሽቶ፣ በቅቤ፣ በአበባ ያስታውሳል፤ የኔ ዕጣ ሆኖ ታላቅ ወንድሜን እንድሪስን የማስታውሰው በአኳራጅ ነው።

ያን ጊዜ ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነበር። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ድረስ ገብቶ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይደብቀውና እናቴ ትናንት ያሰጣችውን ልብስ በእጇ እየዳሰሰች ትፈልግ ነበር። አባቴ ሙሄ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። የአባቱ አባት ከየመን ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ወሎ ላይ ሚስት አግብቶ የቀረ ሰው ነው ይባላል፤ ከእሱ ወዲህ በዘራችን ባሕር ያየ የለም። ደርግ ነጋዴን በክፉ ዓይን በሚያይበት በዚያ ዘመን የሱቃችን መደርደሪያ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ አቡጀዲ ብቻ ቀረበት ማለት ይቻላል። አቡጀዲ ደግሞ ለኛ ሰው ከፈን ነው። አባቴ "ሰው መሞቱን እስካልተወ ድረስ እኛ አንራብም" እያለ በራሱ ሱቅ ይቀልድ ነበር።

አባቴ ቀልደኛ ይሁን እንጂ በአንድ ነገር አይቀልድም። ሩህ ያለው ነገር፣ ማለትም ነፍስ ያለው ፍጡር፣ ሥዕሉ ከቤቱ እንዲገባ አይፈልግም። መላእክት እንዲህ ያለ ቤት አይገቡም ይላል። በግድግዳችን ላይ ከካዕባ ሥዕል በቀር አንዳች ነገር ተሰቅሎ አያውቅም። አላህ ደግሞ የሰውን ልብ መፈተን ያውቅበታልና ለዚህ አባት የሰጠው የመጀመሪያ ልጅ ከሰል ካገኘ ግድግዳ፣ ጠመኔ ካገኘ በር የማይምር ሠዓሊ ሆነ። እናቴ እንደምትተርከው፣ እንድሪስ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንዲት ዶሮ ይስላል። አባቴ ከሱቅ ሲመለስ ያያትና በቁጣ አይደለም፣ በትዕግሥት፣ ቢላ ሰጥቶ ራሱን እንድሪስን ያስፍቀዋል። በማግስቱ እንድሪስ በዚያው ቦታ ላይ የዶሮ ቤት ይስላል፤ በሩ የተከፈተ፣ ጥሬ የተበተነበት፣ ዶሮ የሌለበት የዶሮ ቤት። አባቴ ጢሙን እያሻሸ ብዙ ቆሞ አየውና ወደ ሰላቱ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ የሚስለው ዓለም ሁሉ ባለቤቱ ለጉዳይ ወጣ ያለበት ዓለም ነበር፤ የሚበላ የሌለበት ማዕድ፣ ሰው ያልተቀመጠበት ወንበር፣ ወፍ የሌለበት ዛፍ።

ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ፒያሳ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ዘንድ ልቀጠር ሲል ነገሩ ለአንድ ሳምንት ያህል ተንጠልጥሎ ከረመ። እናቴ በመሀል እየገባች፣ ጎረቤት ሽማግሌ እየመጣ፣ ሻይ እየተቀዳ፣ በመጨረሻ አባቴ ፍርዱን ሰጠ። የሰው ፊት የሚያነሳው ሳጥኑ ነው፣ እንጀራ ነው፣ ያንሳ፤ በእጁ ግን ሩህ ያለው ነገር እንዳይስል። ደግሞም አንድ ነገር ጨመረ።

"ያንተ ፊት በወረቀት ላይ እንዳይቀር። የሌላው የሌላው ነው። ያንተን እኔ እጠየቅበታለሁ።"

"እሺ አባ" አለ እንድሪስ። ወንድሜ እሺ ካለ እሺ ነው፤ ይሄ ጠባዩ ነው በኋላ አንጀታችንን የቆረጠው።

የጋሽ ታደሰ ፎቶ ቤት ስሙ ትልቅ ነው እንጂ አንዲት ጠባብ ክፍልና ከኋላዋ ያለች ግቢ ነበረች። መብራት ስለሚጠፋ ደንበኛው ሁሉ የሚነሳው በግቢው፣ በፀሐይ ነው። ከጀርባው የሚዘረጋው መጋረጃ አንድ አመድማ ብርድ ልብስ ነበር፤ ሙሽራውም፣ ሕፃኑም፣ ካድሬውም በዚያ ብርድ ልብስ ፊት ቆሞ ከሆስፒታል የወጣ ይመስል ነበር። እንድሪስ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ለሰዎቹ ባሕር ልሳልላቸው ብሎ ተነሳ። አባቴ አቡጀዲውን ከሱቅ ቀዶ ሰጠው። ባሕር ሩህ የለውም።

የዚያን ሰሞን ግቢያችንን ብታዩት! አቡጀዲው ከአጥር እስከ አጥር ተወጥሮ፣ በዱቄት ሙጫ ተለስኖ፣ ደርቆ እንደ ቆዳ ሲንኳኳ፣ ወንድሜ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ከሰማይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ሰማያዊ ያልነካው ነገር አልነበረም። የእናቴ ነጠላ ጥለት አወጣ፤ የውሃ ጀሪካኑ፣ የበሩ እጀታ፣ የኔ ጉንጭ፣ ሁሉ ሰማያዊ። አንዲት ነጭ ዶሮ ነበረችን፤ ከቀለም ጣሳው ሥር ስትጭር ውላ ማታ ክንፏ ሰማያዊ ሆኖ ገባች። አባቴ ዶሮዋን አቅፎ ወደ ብርሃን አዞራትና "ይቺን እንግዲህ ሥዕል ናት እንበላት ወይስ ዶሮ?" ብሎ ሲጠይቅ ወንድሜ ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ ወደቀ። ሲስቅ ግራ ዓይኑ ትጨፈን ነበር። ወይም እንዲህ ነበር ይባላል፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ባሕሩ ሲያልቅ መንገደኛ ሁሉ በአጥር እያየ አደነቀው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። እንድሪስ በሕይወቱ ያየው ትልቅ ውሃ ሐይቅ ከተማ ያለውን ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ በባሕሩ ዳር ዙሪያውን ቄጠማ አበቀለበት። አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ጉርድ ፎቶግራፍ ሊነሳ መጥቶ ይህን ሲያይ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ባሕር ዳር ጨው እንጂ ቄጠማ አይበቅልም፣ ውሃው ራሱ ጨው ነው ብሎ አስረዳው። ጋሽ ታደሰ እንዲያጠፋው ለመኑት። ወንድሜ ግን ቄጠማውን መልሶ መላልሶ አየና "አሰብ ያለው የአሰብ ነው፤ የኔ ባሕር ያበቅላል" ብሎ እንዳለ ተወው። የደሴ ሰውም ቄጠማውን ወደደው፤ እንዲያውም ሴቶቹ ከቄጠማው በኩል አቁመን ይሉ ነበር።

ከጦሳ የሚመጣው ነፋስ መጋረጃውን እያነሳ ባሕሩን ስለሚያጨማድደው የእንድሪስ ሥራ ጠርዙን ይዞ መወጠር ነበር። ጋሽ ታደሰ ጨርቅ ውስጥ ገብተው በካሜራው ሲያዩ ከዚያው ከጨርቁ ውስጥ "እጅህን! እጅህ ገባ!" ብለው ይጮኻሉ፤ እሱ ይሸሻል፤ ነፋሱ ባሕሩን ያነሳዋል፤ እሱ ተመልሶ ይይዛል። ከቦሩ ሜዳ ለገበያ የመጣ ገበሬ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሀል በትሩን ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ይጠብቃል። ትምህርት ቤት ስንለቀቅ እዚያ ሄጄ በር ላይ ቁጭ እል ነበር። ያን ያህል የሳቅሁበት ቦታ በዕድሜዬ አላውቅም።

ወንድሜ ግን የሰው ፎቶ ቤት ውስጥ መጋረጃ ይዞ የመቅረት ሐሳብ አልነበረውም። ሐሳቡ ኮምቦልቻ ነበር። ደሴ ብርድ ነው፣ ጉም ነው፣ ሰው ተኮማትሮ ነው የሚነሳው ይል ነበር። ኮምቦልቻ ሙቀት አለ፣ ፀሐይ አለ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ፣ ደመወዝ ተቀብላ ለእናቷ ፎቶ የምትልክ ልጅ አለች፣ ወደ አሰብ የሚወርድ ሹፌር አለ። እዚያ የራሱን ፎቶ ቤት ይከፍታል። ለዚህም ሲል ጫት አይቅምም፣ ሲኒማ አይገባም፣ ጫማው ሲቀደድ አሰፍቶ ያንኑ ይጫማል። በየወሩ ደግሞ ለወደፊቱ ፎቶ ቤት አንድ ዕቃ ይገዛል፤ ግን ከጅራቱ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ለደንበኛ የሚያውሰው ኮትና ከረባት ገዛ። ቀጥሎ የላስቲክ አበባ። ቀጥሎ ማበጠሪያና መስታወት። አንድ ቀን ገመዱ የተቆረጠ የቢሮ ስልክ ከሰኞ ገበያ ይዞ መጣ፤ ሰው እያነጋገረበት እንዲነሳ ነው። ሁሉም ከአልጋችን ሥር ይገባል። ካሜራ ብቻ የለም። እናቴ ስትጠርግ መጥረጊያዋ የስልኩን እጀታ ሲመታ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ትልና መልሳ ደግሞ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ በቦታው ታስቀምጠዋለች።

ትምህርቱንም አልተወም፣ የራሱን ትምህርት ማለቴ ነው። የጠፋ ሰፌድ ካለ እሱ ነው የወሰደው፤ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚገኘውን ብርማ ወረቀት ከመንገድ እየለቀመ ሰፌዱ ላይ ለጥፎ የፀሐይ ብርሃን መመለሻ አድርጎት ነበር። እኔን ግቢ ውስጥ ያስቀምጠኝና በሰፌዱ ብርሃኑን ፊቴ ላይ እያዞረ፣ ጣቶቹን አራት ማዕዘን አድርጎ በመሀላቸው ያየኛል። "ዘሀራ፣ አገጭሽን ትንሽ ዝቅ። እንዲያ። አሁን ስለ ዶሮዋ አስቢ።" እኔም ስለ ሰማያዊዋ ዶሮ አስብና ፈገግ እላለሁ። "ቀጭ!" ይላል በአፉ። ፊልም የለ፣ ካሜራ የለ፤ እንዲህ ሆኖ ስንት ጊዜ አንስቶኛል። እነዚያ ፎቶዎች አንዳቸውም የሉም፤ ግን እንደ እነሱ አምሬ የወጣሁበት ፎቶ እስከ ዛሬ የለኝም።

አባቴን የለወጠው ድርቁ ነው። ድርቁ ወሎን ያቃጠለበት ዓመት አልፎ ሰው ቀና ማለት ሲጀምር፣ አንድ የቦሩ ሜዳ ገበሬ ወደ ሱቃችን መጣ። የሚገዛው ነገር አልነበረም። ከእቅፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶ አውጥቶ ለአባቴ አሳየው፤ በደህናው ዘመን ገበያ ይዟት በመጣ ቀን የተነሳች ትንሽ ልጁ ናት፤ ቄጠማው አጠገብ ቆማለች። በድርቁ ጊዜ ሞታለች። ሰውየው የመጣው ሊያመሰግን ነበር። "እናቷ ፊቷ ጠፍቶባት ነበር" አለው ለአባቴ፤ "ልጅህ መለሰላት። አላህ ልጅህን ያኑርልህ።" አባቴ ያን ቀን ሱቁን ቀድሞ ዘጋ። እራት ላይ ብዙም አልበላም። ከዚያ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሳ እንዲህ አለ።

"ያ የኮምቦልቻ ቤትህ የተከፈተ ለት፣ አንዴ፣ ከጎንህ እቆማለሁ። ታደሰ ያንሳን። አንዴ ብቻ ነው።"

እንድሪስ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። እናቴ ዕልል ልትል አፏን ከፍታ አባቴ በዓይኑ መለሳት። እኔ ያን ሌሊት ደስታዬ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ወንድሜ ደግሞ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ሲስቅ በጨለማው ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። የገባበት ዕቁብ ወጣለት። ጋሽ ታደሰ ትርፍ ካሜራቸውን ሸጡለት፣ መጋረጃውንም መርቀው ሰጡት። ኮምቦልቻ መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየ። ዕለቱ ተቆረጠ፤ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ አባቴ መጋረጃውን አስይዞ ጋሽ ታደሰን ይዞ ይወርዳል፣ መጋረጃው ይሰቀላል፣ አባትና ልጅ ከባሕሩ ፊት ይቆማሉ። እንድሪስ ቀደም ብሎ ክፍሉን ኖራ ሊቀባ ተነሳ። ካሜራውን ከእጁ አይለይም ነበርና በትከሻው አነገተው፤ የኖራ ብሩሹን በሌላ እጁ ያዘ። እናቴ ዱአ አደረገችለት። በሩ ላይ ዞሮ በጣቶቹ አራት ማዕዘን ሠርቶ አየኝና "ቀጭ!" ብሎኝ ወጣ። ፀሐይ ከኋላው ስለነበረች ፊቱን በደንብ አላየሁትም።

የዚያን ጊዜ አፈሳ የሚባል ነገር ነበር። ለጦርነቱ ወጣት ሲጠፋ ከመንገድ፣ ከገበያ፣ ከአውቶቡስ ያፍሱ ነበር። ከሐረጎ ቁልቁለት በታች፣ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ አውቶቡሱን አስቁመው ወንድ ወንዱን አወረዱ። አብራው የነበረች የሰፈራችን ሴት ናት እያለቀሰች መጥታ የነገረችን፤ ካሜራውን አንቆ እንደያዘ ወሰዱት፣ ብሩሹ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ አለች። አባቴ ወዲያው ወረደ። የጠየቀው ሁሉ ወደ ማሠልጠኛ ተጭነዋል ከማለት በቀር የሚነግረው አላገኘም። ዓርብ ደረሰ። አባቴ ጁምዓ ሰግዶ ተመለሰና መጋረጃውን ጠቅልሎ፣ በአቡጀዲ አሥሮ፣ ከአልጋው ሥር ከስልኩና ከላስቲክ አበባው ጎን አስገባው።

አንድ ጊዜ ብቻ ቃል መጣ። አንድ ሹፌር ከሰሜን ሲመለስ ሱቃችንን ጠይቆ አገኘና መልእክቱን በአፉ ነገረን፤ "ደህና ነኝ፤ መጋረጃውን አይጥ እንዳይበላው" ብሏል። አባቴ ሹፌሩን ስንት ጊዜ እንዳስደገመው! ከዚያ በኋላ ግን የእንድሪስ ወሬ ጠፋ። አንዱ ዓመት ሌላውን ተካው፤ እናቴ በየዒዱ ድርሻውን ለይታ ታስቀምጥና በማግስቱ ለሚስኪን ትሰጠዋለች።

ደርግ የወደቀ ሰሞን የተበተነው ሠራዊት በመንገዱ ይጎርፍ ጀመር። እግሩ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ዱላ የተደገፈ፣ ስሙን እንኳ ለመናገር አቅም ያነሰው ወጣት ቀኑን ሙሉ ያልፋል። የደሴ እናትና አባትም መንገድ ዳር ተሰልፎ ለሚያልፈው ሁሉ "ይህን አይተሃል? ይህን ታውቀዋለህ?" ይላል። ሁሉም የልጁን ፎቶ ይዟል። እኔ ለአካለ መጠን ደርሼ ነበር፤ አባቴን ደግፌ እሄድ ነበርና አየሁት። እነዚያ ፎቶዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበሩ፤ በየእናቱ እጅ ላይ የወንድሜ ባሕር ነበር፣ የወንድሜ ቄጠማ፣ የወንድሜ ሰማይ። ከተማው ልጁን የሚፈልገው እንድሪስ በሳለው ዓለም ውስጥ አቁሞ ነው። እኛ ብቻ ባዶ እጃችንን ቆምን።

እንድሪስ ለመታወቂያ አንድ ጊዜ ተነስቶ ነበር፤ ግዴታ ስለሆነ አባቴ ፈቅዶለት። መታወቂያውን ይዞት ሄዷል። የቀበሌው ፋይል በዚያ ግርግር ተበትኖ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኗል። የቀረን ጋሽ ታደሰ ናቸው ብለን ኔጋቲቩን ልንለምን ሄድን። ሽማግሌው ሲያዩን ተነሱ፤ ስንጠይቃቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

"አቃጠልኩት ሙሄ" አሉ። "ልጁ ራሱ ለምኖኝ፣ በፊቱ። ለአባቴ ቃል አለኝ፣ ለችግር ካልሆነ ፊቴ አይቀርም አለኝ። ምን ልበለው? አቃጠልኩት።"

አባቴ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። ልጁ ቃሉን ስለጠበቀለት እንዲያ ሲያለቅስ ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱም ወደ መንገዱ ሄደ። ፎቶ የለውምና በቃሉ ነበር የሚያሳየው። አንዱን ወታደር እጁን ይዞ ያስቆመዋል።

"የኔ ልጅ፣ እንድሪስ ሙሄ የሚባል አታውቅም? ቀይ ዳማ ነው። ግንባሩ ሰፊ ነው። ሲስቅ ግራ ዓይኑ ትጨፈናለች። አገጩ ላይ ስንዴ የምታህል ጠባሳ አለችው።"

"ፎቶ የለዎትም አባባ?"

"የለኝም።"

"እንዲህ ያለ ብዙ ነው አባባ። አብሽሩ፣ ይመጣል ኢንሻአላህ።"

አባቴም አመስግኖ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቀይ ዳማ ነው። ግንባሩ ሰፊ ነው። ሠራዊቱ እየሳሳ፣ መንገዱ ባዶ እየሆነ፣ በመጨረሻ የሚያልፈው የገበያ አህያ ብቻ እስኪሆን ድረስ ይህንኑ ሲል ከረመ። ከዚያ አንድ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለስ ለሩቅ ሟች የሚሰገደውን ሰላት አሰግዶለት እንደመጣ ለእናቴ ነገራት። እናቴ አልጮኸችም፤ ብቻ ከአልጋው ሥር ገብታ ስልኩን አወጣችና አቧራውን ጠረገችው።

ብዙ ቆይቶ፣ እናቴም ካለፈች በኋላ፣ አንዲት የኮምቦልቻ ሴት ጨርቅ ልትገዛ ሱቃችን ገባች። በወሬ መሀል የኛን ነገር ሰማች መሰለኝ፣ በሌላ ቀን ተመልሳ የሠርጓን ፎቶ ይዛ መጣች። ሙሽራው ኮት ለብሶ፣ እሷ ተሸፋፍና፣ ባሕሩ ከኋላቸው አለ። የተበላሸ ነው ተብሎ በቅናሽ የወሰዱት ፎቶ ነበር፤ ምክንያቱም በግራ በኩል፣ ከጠርዙ፣ መጋረጃውን የያዘ እጅ ገብቷል። እንድሪስ በልጅነቱ ከሱቁ መደርደሪያ ወድቆ ትንሽ ጣቱ ተሰብራ ወጌሻው አጣሞ ጠግኗት ነበር። ያቺ የተጣመመች ጣት ባሕሩን ይዛ ትታያለች። አባቴ መነጽሩን አውልቆ በቀሚሱ ጠርጎ፣ መልሶ አድርጎ አየ። ሴትየዋ ይውሰዱት አለችው። ፎቶውን ከአቡጀዲው ጣቃ እጥፋት ውስጥ አኖረው፤ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ጣቃውን ይዘረጋዋል፣ ያየዋል፣ መልሶ ይጠቀልላል። እኔ ሳየው ጊዜ ያፈረ ይመስል "እጅ ብቻውን ሩህ የለውም" አለኝ። "ይቀመጥ።"

ሊሞት አካባቢ፣ አቅሙ ደክሞ ሱቁን ከዘጋን ወዲያ፣ አንድ ቀን መጋረጃውን ስቀሉልኝ አለ። አይጥ አልበላውም። ዘርግተን ግቢው ውስጥ ሰቀልነው፤ ሰማዩ ተሰነጣጥቆ፣ ባሕሩ ደብዝዞ፣ ቄጠማው ግን አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። ከፒያሳ አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ አስጠራ። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ቆቡን አስተካክሎ፣ ወደ ባሕሩ ፊት ሄደ። መሀል ላይ አልቆመም። ወደ ቀኝ ጠጋ አለና ለሰው የሚበቃ ቦታ ከጎኑ ተወ። ወጣቱ "አባባ፣ ወደ መሀል ይጠጉ" ቢለው አልሰማውም። ከጦሳ ነፋስ መጣና መጋረጃውን አነሳው፤ እኔ ሮጬ የግራውን ጠርዝ ያዝኩ።

"እትዬ፣ እጅዎ ይገባል" አለኝ ልጁ።

ልሸሽ ስል አባቴ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

"ተዋት። ይግባ።"

ያ ፎቶ አሁን ሳሎናችን ውስጥ አለ፤ በአባቴ ቤት ሳይሆን በኔ ቤት። አባቴ አለ፣ ክፍቱ ቦታ አለ፣ የኔ እጅ አለ። ልጆቼ በየስልካቸው ቁርሳቸውንም ምሳቸውንም ፎቶ ያነሳሉ፤ አንዱን ፊት መቶ ጊዜ ያነሳሉ፣ ያጠፋሉ፣ ደግመው ያነሳሉ። እንዳያጠፉ መለመን ያምረኛል፣ ግን ይስቁብኛል ብዬ እተወዋለሁ።

ትናንት የቀለሙ ሽታ ሲመጣ ትንሿ ልጄ አጠገቤ ነበረች። "አጎቴ እንድሪስ ምን ይመስል ነበር?" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ቀና ብዬ ተቀመጥኩና ጀመርኩላት። "ቀይ ዳማ ነበር። ግንባሩ ሰፊ ነው። ሲስቅ ግራ ዓይኑ ትጨፈናለች። አገጩ ላይ ስንዴ የምታህል..." ብዬ ቆምኩ። የወንድሜን ፊት እያየሁ አልነበረም። ዓይኔ ላይ የነበረው መንገዱ ነው፤ አቧራው፣ የሚያልፉት እግሮች፣ የአባቴ እጅ የሰው ክንድ ይዞ። ቃሉ የአባቴ ቃል ነው፣ ድምፁም የአባቴ ድምፅ ነው። ከቃሉ በስተኋላ ያለውን ፊት ፈለግሁት፣ አጣሁት። መቼ እንደጠፋብኝ እንኳ አላውቅም።

ልጄ ጠባሳው ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።